የተበላሸው ምጣድ፦ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

በከተማ ቤት ውስጥ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣድን ያህል ከባድ ሥራ የሚሠራ የለም። ቴሌቪዥኑ ወይም ካውያው ሲበላሽ ቤተሰቡ ለጥቂት ቀናት ሊታገሥ ይችላል። ምጣዱ ሲበላሽ ግን ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል፤ የልጆቹ ምሳ ዕቃም ለነገ እንጀራ ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት ውሳኔው ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚሰጥ ነው። አንዷ እናት በአቅራቢያዋ ያገኘችውን ጠጋኝ ጠርታ ሽቦውን ታስቀጥላለች፤ ሌላዋ «ከእንግዲህስ በቃኝ» ብላ ለሌላ ጉዳይ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አውጥታ አዲስ ትገዛለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የመጀመሪያዋ በሦስተኛው ወር ያንኑ ጠጋኝ ስትፈልግ፣ ሁለተኛዋም ጤነኛ ምጣድ ለቆራሌው ሰጥታ ስትቆጭ ማየት የተለመደ ነው።

ስለዚሁ ጉዳይ አንዲት አንባቢያችን ያቀረቡልን ጥያቄ ለብዙዎች የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል። ጠያቂያችን በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ የአራት ልጆች እናት ናቸው። እንጀራ የሚጋግሩት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕ ከሥራ መልስና ቅዳሜ ጠዋት ነው። ምጣዳቸው ስድስት ዓመት አገልግሏል፤ ሽቦው ተበጥሶ ሁለት ጊዜ ተቀጥሏል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እንጀራው በአንድ ወገን ሳይበስል ይቀራል፤ ማሰሻው ርጥብ ሲሆንም እጃቸውን ነዘር ያደርጋቸዋል። ጠጋኙ ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ለመለወጥ የአዲስ ምጣድ ዋጋ ሩብ ያህል ጠይቋቸዋል። ባለቤታቸው «ዕቁቡ ደርሶናል፤ አዲስ እንግዛ» ይላሉ። እሳቸው ደግሞ የዕቁቡ ገንዘብ ለልጆቹ የደንብ ልብስና ደብተር የታሰበ መሆኑን ገልጸው፣ «ለዓመታት አሟሽቼ ያለመድኩትን ምጣድ መጣል አሳዘነኝ፤ በሌላ በኩል ትልቋ ልጄ ስለምታግዘኝ ንዝረቱ ያሰጋኛል። ምን ይሻለኛል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ምጣዱ ከምን ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምጣድ አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም

«ምጣዴ ተበላሸ» ስንል ጠቅላላውን እንደ አንድ ዕቃ እንቆጥረዋለን። በእርግጥ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ የብዙ ክፍሎች ስብስብ ነው። ከላይ ሊጥ የሚፈስበት ሸክላ አለ። በሸክላው የታችኛው ገጽ ላይ፣ ከዳር እስከ መካከል እየዞረ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ጥምዝ ሽቦ ተዘርግቶ በጀሶ ወይም በመሰል ነገር ይለሰናል። ይህ ሽቦ ብዙውን ጊዜ ኒክሮም ከሚባለው የኒኬልና የክሮም ቅይጥ የተሠራ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ቀልቶ ሸክላውን ያሞቃል። ከዚያ ውጪ ሁሉን የሚሸከም የቆርቆሮ አካልና እግር፣ አክምባሎ፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ገመድና ስፒና አሉት።

ከእነዚህ መካከል አካሉ፣ እግሩና አክምባሎው ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። ሽቦው፣ ማጥፊያው፣ ገመዱና ስፒናው ግን የሚያልቁና የሚለወጡ ናቸው። ሸክላውም ቢሆን ለብቻው ሊለወጥ የሚችል ክፍል ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ላስጠግን ወይስ አዲስ ልግዛ?» የሚለው ሳይሆን «የተበላሸው የትኛው ክፍል ነው?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

ምጣድ የሚወስደው ኃይል ከፍተኛ መሆኑም መታወቅ አለበት። አንድ የቤት ምጣድ በአብዛኛው ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። ይህም ባለ 10 ዋት 350 አምፖሎችን በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ይሆናል። የተለመደው የቤት ሶኬት ሊሸከም የሚችለው ደግሞ 16 አምፔር ነው። ይህ ማለት ምጣዱ ሶኬቱን እስከ አፉ ሞልቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ በምጣድ ላይ «ትንሽ» የሚባል የመላላት ብልሽት የለም፤ የላላው ሁሉ ይግላል፣ የጋለውም ይቃጠላል።

ምልክቶቹና ትርጉማቸው

ምጣዱ ጨርሶ አልሞቅ ሲል ሽቦው ተበጠሰ ብሎ መደምደም አይገባም። በቅድሚያ ባልቦላው መውደቁን፣ ሶኬቱ በሌላ ዕቃ ሲሞከር መሥራቱን፣ ስፒናው መጥቆሩን ወይም መቅለጡን መመልከት ይበጃል። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው የስፒናውና የሶኬቱ መጋጠሚያ ነው። ጥገናውም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ስፒናው ብቻ ተለውጦ የተቃጠለው ሶኬት ከተተወ አዲሱ ስፒና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደ ፊተኛው ይሆናል። ሁለቱም አብረው ይለወጡ። ምጣድን ከማቀዝቀዣና ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካትም ፈጽሞ አይገባም።

ምጣዱ ሞቆ ነገር ግን እንደ ወትሮው ቶሎ አልበስል ካለ ጥፋቱ የምጣዱ ላይሆን ይችላል። ምሽት ላይ ሁሉም ቤት ምድጃውንና ምጣዱን በሚያበራበት ጊዜ የመስመሩ ኃይል ይወርዳል። 220 የነበረው ቮልት ወደ 190 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት የሚቀንሰው በዚያው መጠን አይደለም፤ 3,500 ዋት የነበረው ወደ 2,600 ዋት፣ ማለትም ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። አምፖሉ ከደበዘዘና ጎረቤትም እንደዚሁ የሚያማርር ከሆነ፣ በማለዳ ጋግሮ መሞከር ከጠጋኝም ከሻጭም አስቀድሞ የሚመጣ መፍትሔ ነው።

እንጀራው ከሸክላው አልላቀቅ ሲልም ምጣዱ አርጅቷል ማለት አይደለም። በሳሙና የታጠበ ወይም ሌላ ምግብ የተጠበሰበት ሸክላ ልምዱን ያጣል። በተፈጨ የጎመን ዘር እየታሸና በማሰሻ እየተጠረገ ደግሞ ደጋግሞ ቢሟሽ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ብቻ ምጣድ የሚለውጥ ሰው አዲሱንም ከማሟሸት አይድንም።

በአንድ ወገን አልበስል ሲል ግን ነገሩ ከሽቦው ጋር የተያያዘ ነው። ሽቦው በሁለት መስመር በተዘረጋባቸው ምጣዶች አንዱ መስመር ሲበጠስ ግማሹ ይቀዘቅዛል። ጀሶው ረግፎ ሽቦው ከሸክላው ሲርቅ ወይም ጥምዞቹ እርስ በርስ ሲነካኩም እንዲሁ ይሆናል።

የተቀጠለ ሽቦ

እዚህ ላይ ብዙ እናቶች የማይነገራቸው ነገር አለ። የተበጠሰ ሽቦ ሲቀጠል የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ ይወጣል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚያሳልፈው ኃይል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከአሥር እጅ አንዱ ተቆርጦ ቢወጣ 16 የነበረው አምፔር ወደ 18 ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ምጣዱ ይበልጥ ስለሚግል ጥገናው የተሳካ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽቦው ከአቅሙ በላይ እየነደደ ነው፣ ሶኬቱም ከሚችለው በላይ ተሸክሟል። የተቀጠለበት ቋጠሮ ደግሞ ከሌላው ክፍል አብልጦ ስለሚግል ብዙ ጊዜ እንደገና የሚበጠሰው እዚያው አጠገብ ነው። ስለሆነም አንድ ጊዜ መቀጠል ሳምንቱን ለማሳለፍ ይጠቅም ይሆናል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲበጠስ ግን ቀጥሉልኝ ከማለት ይልቅ ሽቦው ከነሙሉ ርዝመቱ እንዲለወጥ መጠየቅ ይሻላል።

ከገንዘብ አስቀድሞ ሕይወት

ንዝረት ያለበት ምጣድ ግን ከዋጋ ስሌት ውጪ ነው። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይባላል፤ ለምጣዱ ሲባል ግን የሰው ሕይወት አይታለፍም። አንዳንድ እናቶች «ትንሽ ነዘር ነው፤ ለምጄዋለሁ» እያሉ እንጨት ላይ ቆመው ወይም የላስቲክ ጫማ አድርገው መጋገራቸውን ይቀጥላሉ። ዛሬ ትንሽ የሆነው እጁና ወለሉ ደረቅ ስለሆኑ ነው። ሊጥ የነካ እጅ፣ ርጥብ ማሰሻና ውኃ የፈሰሰበት የሲሚንቶ ወለል ሲገናኙ ያው ምጣድ ሊገድል ይችላል።

«ባልቦላው ስላልወደቀ ደኅና ነው» የሚለውም አሳሳች ነው። የተለመደው ባልቦላ የሚወድቀው ከ16 ወይም ከ20 አምፔር በላይ ሲያልፍበት ነው። ሰውን ለመግደል ግን የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እንኳ ብዙ ነው። ባልቦላው የቆመው ሽቦውን ከቃጠሎ ለመጠበቅ እንጂ ሰውን ለመጠበቅ አይደለም። ሰውን የሚጠብቀው አንደኛ ከምጣዱ የቆርቆሮ አካል ጋር የተያያዘው የመሬት ሽቦ ነው፤ መልኩም ቢጫና አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኃይል ወደ ሰው ሲፈስ በቅጽበት የሚያቋርጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ማቋረጫ ነው። ብዙ ጠጋኞች ገመዱን ሲለውጡ ሦስተኛውን ሽቦ ቆርጠው ይተውታልና ይህን መጠየቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ንዝረት በአብዛኛው የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሽቦ ወይም ገመድ ከቆርቆሮው አካል ጋር ሲነካካ ነው፤ ይህ ይጠገናል። ሁለተኛው ሸክላው ነቅቶ ሊጡና ውኃው በስንጥቁ ወደ ሽቦው ሲዘልቅ ነው። ከላይ እስከ ታች የነቃ ሸክላ በምንም ዓይነት ልስን አይታመንም፤ ሸክላው ራሱ መለወጥ አለበት። ደግሞም ምጣድን ሲጠርጉም ሆነ ሲፈትሹ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አንዳንዱ ማጥፊያ ከሁለቱ መስመሮች አንዱን ብቻ ስለሚያቋርጥ ሽቦው ላይ ኃይል ሊቀር ይችላል። ስፒናው ከሶኬቱ ይነቀል።

የወጪው ስሌት

ሕይወት ከተጠበቀ በኋላ የኪስ ጉዳይ ይመጣል። ዋጋን ከዋጋ ጋር ብቻ ማወዳደር አያዋጣም፤ ወጪውን ለሚያገለግልባቸው ወራት ማካፈል ይሻላል። ለስሌት እንዲመች አዲሱ ምጣድ 6,000 ብር ነው፣ አምስት ዓመት ያገለግላል እንበል። ለ60 ወር ሲካፈል በወር 100 ብር ይሆናል። ሽቦውን ሙሉ በሙሉ መለወጥ 1,500 ብር ቢፈጅና ሁለት ዓመት ቢያገለግል በወር 63 ብር ገደማ ነው፤ ማስጠገኑ ያዋጣል። በ500 ብር ተቀጥሎ በሦስት ወር የሚበጠስ ሽቦ ግን በወር 167 ብር ያስወጣል። ከሁሉም ርካሽ የመሰለው ከሁሉም የተወደደው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የመብራት ሒሳቡም ይታከልበት። አንድ ጊዜ ለመጋገር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ባለ 3,500 ዋት ምጣድ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲሆን በአራት ሳምንት 56 ነው። አክምባሎው ስላልገጠመ ወይም የታችኛው ልስን ስለረገፈ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ቢጨምር በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት ይታከላል። የቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ በመሆኑ ፍጆታው ከፍ ሲል የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። የሚገጥም አክምባሎ መግዛት ወይም ልስኑን ማሳደስ ብቻውን ይህን ሊያድን ይችላል።

ለጥገና ሲሰጥም ዋጋው ምጣዱ ሳይፈታ ይነገር። የወጣው አሮጌ ሽቦ ለባለቤቷ ይታይ። የሚገባው ሽቦ ስንት ዋት እንደሆነ ይጠየቅ። የገመዱ መጋጠሚያ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ሳይሆን በብሎን የጠበቀ ይሁን፤ ናስትሮ በሙቀት ይቀልጣልና። ምጣዱ «በራ» ተብሎ ብቻ አይረከቡ፤ እስኪግል ቆይቶ ሙቀቱ በሁሉም ወገን እኩል መሆኑና አካሉ አለመንዘሩ በመሞከሪያ ይረጋገጥ። ቢያንስ የጥቂት ወራት ዋስትና በጽሑፍ የማይሰጥ ጠጋኝ ሥራውን ራሱ አላመነበትም።

አዲስ መግዛት ግድ ሲሆንም ሸክላውን በጣት አንኳኩቶ ማዳመጥ የቆየ ዘዴ ነው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የነቃው ድምፁ የታፈነ ነው። ገመዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው መዳብ፣ ስፒናውም የመሬት ሽቦ ያለው ይሁን።

ለጠያቂያችን

እንግዲህ ጠያቂያችን የሚከተለውን ቢያደርጉ እንመክራለን። በመጀመሪያ ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ እስኪታወቅ ድረስ እርስዎም ሆኑ ልጅዎ በዚህ ምጣድ አይጋግሩ። ለሚቀጥለው ረቡዕ የጎረቤት ምጣድ መዋስ ወይም እንጀራ መግዛት ይሻላል። ቀጥሎም ባለሙያው ሸክላውን ከላይና ከታች እንዲያሳይዎት ያድርጉ። ሸክላው ካልነቃ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፤ የመሬት ሽቦው ይገናኝ፤ ሶኬቱም ይታይ። በአዲሱ ዋጋ ሩብ የሚያልቅ ከሆነ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም፤ ያለመዱትም ሸክላ አይለይዎትም። ሸክላው ከነቃ ግን ቢያሳዝንም ይሰናበት፤ አዲስ ሸክላ ከነአዲስ ሽቦው በነባሩ አካል ላይ ሊገጠም ይችላል። አካሉም ዝጎ የተበሳ፣ እግሩም የተነቃነቀ ከሆነና የሁሉም ድምር ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ በላይ ከደረሰ ያን ጊዜ የባለቤትዎ ሐሳብ ትክክል ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ከዕቁቡ አስቀድሞ የልጆቹ ደብተርና የደንብ ልብስ ይነሣ።

ስለ ማቀዝቀዣም ጥቂት

ይኸው አካሄድ ለማቀዝቀዣም ይሠራል። ማቀዝቀዣው አላቀዘቅዝ ሲል በቅድሚያ የበሩን ጎማ ይመልከቱ። ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። ወረቀቱ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ብርዱ በዚያ በኩል እየወጣ ነው። ጎማው፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውና የሞተሩ ማስነሻ በአነስተኛ ወጪ የሚለወጡ ናቸው።

«ጋዝ አልቋል፤ እንሙላው» ሲባል ግን ጥንቃቄ ያሻል። የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ቡታ ጋዝ በአገልግሎት የሚያልቅ አይደለም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የሚሠራ በመሆኑ ከጎደለ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ መሙላት በተቀደደ ስልቻ ጤፍ እንደ መስፈር ነው። እጅግ ያረጁ ማቀዝቀዣዎች ይሠሩበት የነበረው አር 12 የተባለው ጋዝ ደግሞ የምድርን የኦዞን ሽፋን የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮችም ጭምር እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ምርቱ እንዲቆም ተደርጓል። በእንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ላይ ሞተርና ጋዝ ለመለወጥ ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወዲያው አለመሰካት፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ደግሞ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ የሞተሩን ዕድሜ ያራዝማል።

የዕቃው ውሳኔ የማን ነው?

በብዙ ቤት ምጣዱ የሚጋግረው በሚስት እጅ፣ የሚገዛው ወይም የሚጠገነው ግን በባል ውሳኔ ነው። ዕቃው የት ላይ እንደሚግል፣ መቼ እንደነዘረ፣ የትኛው ወገን እንደቀዘቀዘ የምታውቀው በየሳምንቱ ፊቱ የምትቀመጠው ናት። ስለዚህ ጠጋኙ ሲመጣ ምልክቱን የምትናገረው፣ ዋጋውም ሲነገር የምትሰማው እሷ ልትሆን ይገባል። አባትና ልጆችም ባልቦላው የት እንዳለና ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ እጁን ከመጎተት አስቀድሞ ኃይሉ መቋረጥ እንዳለበት ይወቁ። ይህን በሚቀጥለው የመጋገሪያ ቀን፣ ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት፣ ለቤተሰቡ ሁሉ ማሳየት አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።